መደርደሪያው ባዶ ነው?

የካቲት 12 ቀን

ለናፈቅሽኝ ለሚጣዬ፣

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደምልሽ፣ ከኋላሽም ይከተልሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የኔ ጉልበት ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይሳደባል። እጅሽ እንዴት ሆነልሽ? የዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንፋሎት ቆዳሽን ሳይጨርሰው ቅባት ተቀቢ። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሽ ቅባት አጣሁ እንዳትይኝ።

ይህን የምጽፍልሽ እዚያው የጀልባ ትኬት መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ማታ ለአባትሽ እንደምትደውዪለት አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ግን የባለሱቁ ስልክ የሱ ነው፣ ለኔ አንድ ቀን እንኳ አቀብሎኝ አያውቅም። እኔና አንቺ የምናወራው በወረቀት ነው።

አርብ ስለሆነ ሐይቁ ጭር ብሏል። ጠዋት ግን ሁለት ፍቅረኞች መጥተው መሃል ውሃ ላይ ተጣሉልሽ። እሷ አንዱን መቅዘፊያ ነጠቀች፣ እሱ ሌላውን ያዘ፣ በየራሳቸው አቅጣጫ ሲቀዝፉ ጀልባዋ እንደ ወፍጮ አንድ ቦታ ስትዞር አረፈደች። ዘበኛው ቁልፌ ከዳር ሆኖ በፉጨት ሊያስታርቃቸው ሞከረ። በመጨረሻ የታረቁት በሱ ላይ ስቀው ነው።

አሁን ለአባትሽ ወደ ላክሽለት ጫማ ልምጣ። ምን አደረግሽው ሰውየውን? በመጣ ቁጥር እግሩን መስኮቴ ላይ ይሰቅልና "እስቲ ማሰሪያ ፈልጊ" ይለኛል። ማሰሪያ የለውማ! እግሩ ካበጠ ወዲህ ጎንበስ ብሎ ማሰር ፈተና ሆኖበት ነበር፣ አሁን እንደ ጎረምሳ ሹልክ አድርጎ ያጠልቀዋል። ሳጥኑ ውስጥ የከተትሽለትን ወረቀት ደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። "ከእግርህ እንዳታወልቃቸው" ያልሽውን ለዓሣ ማጥመጃ ትል ሻጯ አነበበላት፣ ለአስተዳዳሪው አነበበለት፣ ማንበብ ለማይችለው ለቁልፌ ደግሞ ሁለቴ።

ትእዛዝሽ ግን ከሥራዬ ጋር አጣላኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ደንብ ስለሆነ ላስረዳሽ። ጀልባ የሚወስድ ሰው ጫማውን መስኮቱ ላይ ትቶ ነው የሚወጣው። እኔም በጀልባው ቁጥር መደርደሪያው ላይ አስቀምጥለታለሁ። ድሮ መታወቂያ ነበር የምንይዘው፤ ሰዉ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መታወቂያ ሰጥቶ ጀልባዋን ማዶ ጥሏት ወደ ቤቱ ይሄዳል። "ጫማውን ያዙበት፤ በባዶ እግሩ ሰፈሩ የሚገባ ወንድ የለም" ያለው ራሱ አባትሽ ነው። እውነትም ከዚያ ወዲህ የቀረች ጀልባ የለችም። ጀልባ መቁጠርም ተወን፣ ግማሾቹ ጥገና ላይ፣ ግማሾቹ ሣር ላይ ተገልብጠው ማን ይቆጥራል? ማታ ሊዘጋ ሲል ቁልፌ ቁልፉን እያንቃጨለ ይመጣና "እሜቴ፣ መደርደሪያው ባዶ ነው?" ይለኛል። "ባዶ ነው ጌታዬ" እለዋለሁ። ይቆልፋል። በቃ።

አባትሽ ታዲያ የራሱን ሕግ ራሱ አፈረሰው። ባለፈው ወር አንዱ የሌላውን ጫማ አጥልቆ ሄዶ ነበርና ያንን ሰበብ አድርጎ "ልጄ የላከችውን መደርደሪያ ላይ አላሳድርም" አለ። እኔም ለአጎቴ ብዬ ዝም አልኩት። ዛሬም ከምሳ በኋላ መጥቶ ሰባት ቁጥርን ወሰደ፤ ጫማው እግሩ ላይ፣ ዘንጉ ትከሻው ላይ። ይኸኔ ሸምበቆው ጀርባ ተጎልቶ ይሆናል። እዚህ ምን ብለው እንደሚጠሩት ነግሬሻለሁ? መልሕቅ! አንዴ ከተቀመጠ የሚያነሳው የለምና።

በሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ጠንከር ያለ የመንጠቆ ክር ላኪለት፤ የዚህኛው ትልቅ ዓሣ ባየ ቁጥር ይበጠሳል። ለኔ ምንም አልፈልግም። ካልሆነ ብለሽ ከተጨነቅሽ ግን የንባብ መነጽር።

ውይ፣ ስለፈልፍ አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። ቁልፌ እያንቃጨለ መጣ። ጠየቀኝ፣ ባዶ ነው አልኩት። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልሩጥ።

የምትወድሽ እትዬሽ

*

የካቲት 21 ቀን

እትዬ፣

ሰላም ለቤትሽ። እንዳንቺ መመረቅ አልችልበትም፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ከአፌ አይወጣም።

አስተዳዳሪው ቅዳሜ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። "አደጋ" አለ፣ "አባትሽ" አለ፣ "ሐይቁ" አለ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ስጠራ አንሶላ እያጠፍን ነበር። አብራኝ የምታጥፈው ሴትዮ ሌላውን ጫፍ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ስመለስም እንደያዘችው ነበር። ጨርሰን አጠፍነው። ሌላ ምን ይደረጋል።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። መሄድ ትችያለሽ፣ ወረቀትሽ ስላላለቀ ግን መመለስ አትችዪም አሉኝ። አልመጣሁም። ይህን እወቂልኝ፣ ለዘመዶችም ንገሪልኝ።

አርብ ማታ ደውዬ ነበር። ባለሱቁ "አባትሽ ገና አልመጡም" አለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወልኩ፣ አሁንም የለም። ዓሣ ይዞት ነው ብዬ ሳቅሁ። እትዬ፣ ሳቅሁ እኮ።

ማን አገኘው? የት? ብቻውን ነበር? የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ አታሳጥሪው፣ አታሳምሪው። እናቴን ሲያስታምም አንቺ ነሽ አጠገቡ የነበርሽው፣ እኔ ሕፃን ነበርኩ። አሁንም አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ከአንቺ በቀር የምጠይቀው የለኝም።

ሚጣ

*

መጋቢት 14 ቀን

ሐዘን ለገባባት ለሚጣዬ፣

ፈጣሪ ልብሽን በሁለት እጁ ይያዝልሽ፣ እንባሽን ያለ ሰው አያስቀርብሽ። ዘገየሁብሽ፣ አውቃለሁ። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት።

ቀብሩ ሰው በሰው ነበር። አብረውት አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት ጡረተኛ ሾፌሮች ተጠራርተው መጡ፣ ሁለቱ በከዘራ። ትል ሻጯ ሱቋን ዘግታ መጣች፤ "ደንበኛዬ" እያለች ነው ያለቀሰችው፣ ሰው ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ሁሉም አፈረ። እኔማ እናቴ ስትሞት ወስዶ ያሳደገኝን ሰው ስሸኝ ምን እንደሆንኩ አልነግርሽም፣ የራስሽ ይበቃሻል።

አታሳጥሪው ስላልሽኝ ልናገር። በር ተቆልፎበት ነው። ጀልባዋን በወጉ አስሯታል፣ መቅዘፊያዎቹን ወደ ውስጥ አስገብቷል፣ ዘንጉን አጣጥፏል፣ ባልዲው ውስጥ ሦስት ዓሣ ነበረ። ተጣርቶም ይሆናል። መንገዱ ዳር ያለው ጋራዥ አርብ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ሽቦ አጥሩን መቼም ታስታውሺዋለሽ፤ ውሃው ውስጥ ጥቂት እርምጃ ገብቶ ያልቃል። ልጆች ሆነን በጫፉ ዞረን እየተንቦጫረቅን በነፃ የምንገባበት፣ ውሃው ከጉልበታችን የማያልፈው። መንገዱን ያሳየን ራሱ ነበር። አምና ያንን ጫፍ በማሽን ቆፍረው ጥልቅ አደረጉት፣ ትኬት የማይቆርጡት እንዳይሾልኩ ብለው። ምልክት አላደረጉበትም። እሱ እንደ ድሮው መስሎት ገብቶበታል። የስልክሽ ሰዓት ደርሶበት ቸኩሎ ይሆናል፤ ይህን ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር፣ ግን አታሳምሪው ብለሻል።

ጠዋት መጀመሪያ ያገኘው ቁልፌ ነው። እሱን ሳይሆን ጫማዎቹን። ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አፍንጫቸው ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ውስጣቸው። እንዳይርሱበት በሽቦው ሥር አሹልኮ አስቀድሞ አውጥቷቸዋል።

አስተዳደሩ ኮሚቴ አቋቁሟል። ቁልፌ ከመቆለፉ በፊት ሐይቁን ዞሮ ማየት ነበረበት፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል፤ ስላልዞረ ከሥራ ታግዷል። እኔንም ጠየቁኝ። በዚያ ቀን አጎቴ በመስኮቴ አላለፈም፣ ጀልባዋን በጓሮ በኩል ሳይወስዳት አልቀረም፣ የጀልባ ማቆሚያውን መጠበቅ የዘበኛው ሥራ ነው አልኳቸው። ለአንቺም የምልሽ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የካቲት ላይ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ይኖራል፣ መንገድ ላይ ካልጠፋ። ከደረሰሽ ሳታነቢው ቅደጂው። በደስታ ጊዜ የተጻፈ ነው፣ የማይረባ ሳቅና ጨዋታ ነው ያለበት፣ አሁን ብታነቢው ቁስልሽን ይነካካዋል። ለኔ ብለሽ ቅደጂው።

መነጽሩንም ተዪው። ምንም አትላኪልኝ።

እትዬሽ

*

ሚያዝያ 6 ቀን

እትዬ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለጉልበትሽ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። የየካቲቱ ደግሞ የደረሰኝ መጋቢት 3 ነው። እንግዲህ ቅደጂው ስትዪኝ ካነበብኩት ከወር በላይ ሆኖኛል ማለት ነው። ለምን ዝም አልሽ እንዳትዪኝ። እጠብቅሽ ነበር።

አልቀደድኩትም። የአባቴ የመጨረሻ ቀን ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። እግሩን መስኮትሽ ላይ ሲሰቅል፣ "እስቲ ማሰሪያ ፈልጊ" ሲል፣ ዘንጉን ትከሻው ላይ ሲያደርግ። ሌላ ቦታ የለኝም እኮ። ልብስ ማስቀመጫ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከደንብ ልብሴ ሥር ነው ያለው። በሻይ ሰዓት አወጣዋለሁ። ፍቅረኞቹ ጋ ስደርስ አሁንም እስቃለሁ። ከዚያ ወደ ታች አነባለሁ።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ቁልፌ ስንት ዓመት ሠራ? ቤተሰብ አለው? በዚያ ማታ ምን ብሎ ጠየቀሽ፣ አንቺስ ምን አልሽው?

ጫማዎቹን ላኪልኝ።

ሚጣ

*

ግንቦት 24 ቀን

ለሚጣዬ፣

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይባርክልሽ፣ የሥራ ባልደረቦችሽንም ደግ ያድርግልሽ። በጣም ዘገየሁ። አሞኝ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ መስኮቱን ቀለም ሲቀቡት ወረቀት የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲሁ።

ሐይቁ ዘንድሮ አረም ወሮታል። መቅዘፊያ ይይዛል፣ ሰው ይማረራል፣ ገንዘባችንን መልሱ ይላል። ዓሣ ግን አለ፤ አንዱ ጡረተኛ ባለፈው እሁድ ይህን የሚያህል አወጣ ብታዪው፤ "መልሕቅ ቢኖር በቅናት ይሞት ነበር" ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። አዲስ ዘበኛ አምጥተዋል፣ ልጅ እግር፣ ጀልባዎቹን በጣቱ ይቆጥራል፣ ሁልጊዜ አንድ ያንሰዋል፣ እንደገና ይቆጥራል። እኔን ምንም አይጠይቀኝም።

ቁልፌ ስንት ዓመት ሠራ ላልሽኝ፣ አሥራ ዘጠኝ። ሚስት አለችው፣ ሁለት ሴት ልጆችም። ሚስቱ እዚህ መጥታ ነበር። ትጮህብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልጮኸችም። እንደ ማንኛውም እንግዳ ትኬት ቆርጣ ገባች፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ዋለች። በሚቀጥለው አርብም መጣች። በሚቀጥለውም። ውሃውን አይደለም የምታየው። ሰው ትኬት ሲቆርጥ እጄ ይሳሳታል፣ መልስ ሁለቴ እሰጣለሁ።

ጫማውን ፖስታ ቤት አንቀበልም አሉኝ። ሳጥን የለውም ብለው።

የካቲት ላይ ምን እንደጻፍኩልሽ በደንብ አላስታውስም ሚጣዬ፤ ሰው እየሠራ ሲጽፍ ትናንት የሆነውንም ዛሬ ሆነ ይላል። ቀኑንም አሳስቼ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ኮሚቴው ሰኔ መጨረሻ ይወስናል። አስተዳዳሪው ላንቺ ደብዳቤ እንደሚጽፍልሽ ነግሮኛል። "ዘበኛው ይከሰስ" ካልሽ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ "ይቅር ብዬዋለሁ" ካልሽ ቢያንስ እስሩ ይቀርለታል። ይቅር በዪው። አንዲት መስመር ናት። ደግ ሥራ ነው፣ አባትሽም የሚወደው ሰው ነበር። አንቺ ይቅር ብትዪው ሁላችንም እናርፋለን። እኔ ይህች መስኮት ባትኖር ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? አንቺ እዚያ ነሽ። እኔ ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም እዚህ ነኝ።

የሚጽፉልሽን ወረቀት ቶሎ መልሺ። እንዳትዘገዪ።

እትዬሽ

*

ሰኔ 14 ቀን

እትዬ፣

ሰላም ለአንቺ።

የአስተዳዳሪው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ያንቺም ደረሰኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ቆየሁ። ይቅር ለማለት የበደለኝ ሰው ያስፈልጋል። ቁልፌ ምን አድርጎኝ ነው ይቅር የምለው? ለአስተዳዳሪው ምንም አልጻፍኩለትም።

ሳጥኑ ውስጥ ያንን ወረቀት የከተትኩት እኔ ነኝ። "ከእግርህ እንዳታወልቃቸው።" ለቀልድ ነበር። ለሰው ሁሉ እንደሚሰጥ ስለማውቅ፣ ለራሱ ያድርጋቸው ብዬ ነበር። በየሌሊቱ በሐሳቤ ያንን ወረቀት ከሳጥኑ አወጣዋለሁ፣ ጫማዎቹ መደርደሪያሽ ላይ ይቀመጣሉ፣ አባዬ ይመለሳል። በነጋታው አንሶላ አጥፋለሁ። ስለዚህ አንቺን ብቻ አልወቅስም። እኔ ግን የጻፍኩትን ጽፌአለሁ እላለሁ።

አንቺ አርብ ከሰዓት ስለ እሱ እየጻፍሽ ነበር። የረሳሽው ስለ እሱ እያወራሽልኝ ነው። ይህን ሳስበው ልጠላሽ እሞክራለሁ፣ አልችልም፤ ደግሞ እንደገና እሞክራለሁ።

የካቲት 12 የጻፍሽውን ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም፣ ለማንም አላሳየሁም። በእጅሽ ጽሑፍ፣ በራስሽ ቀን የተጻፈ ነው፣ እሱን ካልቀደድሽው ቁልፌ ይድናል። ከቀደድሽው ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ከአንቺና ከኔ በቀር። እኔም ከዚህ በኋላ አልጽፍልሽም።

አሁን የአባዬ የመጨረሻ ቀን ያለው አንቺ ጋ ነው።

ሚጣ

*

ሐምሌ 9 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፣

ምርቃቴን የምትቀበዪኝ ከሆነ፣ ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያለብሽንም ያቅልልሽ። የማትቀበዪኝ ከሆነ ከዚህ ጀምረሽ አንብቢ።

ደብዳቤዬ ሲመለስ የደረሰኝ ኮሚቴው ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቤት ገብቼ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። አልደብቅሽም፣ ክብሪት ጭሬ ነበር። ከማቃጠሌ በፊት ግን ያን ያህል ምን ብዬ ነው የጻፍኩት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ፍቅረኞቹ ጋ ስደርስ ሳቅሁ። እንዳንቺው። ክብሪቱ ጣቴን አቃጠለኝና ጠፋ።

በነጋታው ይዤው ሄድኩ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፣ ቁልፌ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነበር፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁሉንም፣ ከጉልበቴ ጀምራ። ጀልባዋ እንደ ወፍጮ ስትዞር ያለው ላይ አንዱ ሰውዬ ሳቀ። ሰባት ቁጥርን ወሰደ የሚለው ላይ ስትደርስ ማንም አልሳቀም። "ጠየቀኝ፣ ባዶ ነው አልኩት" የሚለውን ስታነብ ቁልፌ እጁን አወጣ። "እሱን መስመር ድገሚልኝ" አላት። ደገመችለት።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፤ "እሜቴ፣ ከአራት ወር በላይ ለሚስቴ፣ ምናልባት ሳልጠይቃት ቀርቼ ይሆናል እያልኳት ነበር። ማስታወሴን ተጠራጥሬ ነበር።"

ሚጣዬ፣ ይህን ነው ያደረግሁት። እንጀራውን ብቻ አይደለም የወሰድኩበት።

ልንገርሽ እንግዲህ፣ በሰው አፍ ሳይሆን በራሴ። አጎቴ በመስኮቴ አልፏል። ሰላም ብሎኛል። ባዶ ነው ብዬ ስናገር መደርደሪያውን አይቼ ነው እንጂ ሐይቁን አይቼ አይደለም። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው ብዬ ቸኩዬ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ ያለኝም መስሎኛል፤ እንዲያው አንድ ነገር የቀረኝ ያህል ተሰማኝ፣ መስኮቱን ሳልቆልፈው ቀረሁ ይሆን ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ያቺን ግማሽ መንገድ በየቀኑ እሄዳታለሁ። ለኮሚቴው የዋሸሁት ሥራዬን ፈርቼ ነው። ለአንቺ የዋሸሁት ግን አንቺን ፈርቼ ነው። ፖስታ ቤቱም ጫማውን አልቀበልም አላለኝም፤ ወስጄውም አላውቅም።

ጫማዎቹ የት እንደነበሩ ልንገርሽ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ቁልፌ ከሣሩ ላይ አንስቶ ይዟቸው መጣ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፋው መሰለኝ፣ መደርደሪያው ላይ ሰባት ቁጥር ቦታ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካቸውም። ሰው "የማን ናቸው?" ሲለኝ፣ "ባለቤቱ ውሃ ላይ ነው" እላለሁ። ሰባት ቁጥር ጀልባንም አላከራይም ነበር።

ቁልፌን ወደ ሥራው መልሰውታል። የኔ ጉዳይ ወደ ላይ ተላልፏል፣ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። መስኮቱን ግን ትናንት አስረከብኩ። ከመስከረም ጀምሮ በቁጥር ካርድ ሊሠሩ ነው፣ መደርደሪያው ይነሳል።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። ሲያንቃጭል ሰማሁት። ሚስቱ አግዳሚው ላይ ነበረች። እንደ ድሮው መጣና ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ጠየቀኝ።

"እሜቴ፣ መደርደሪያው ባዶ ነው?"

ቀልዱን ነው ወይስ ምሩን ነው ብዬ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። ዞሬ መደርደሪያውን አየሁ።

"አይደለም" አልኩት። "ሰባት ቁጥር አልተመለሰም።"

ቁልፉን መስኮቴ ላይ አስቀመጠና ሄደ። በጀልባ ማቆሚያው በኩል አለፈ፣ በሸምበቆው ጀርባ ገባ፣ ሲጠራ ይሰማኛል፤ መልሕቅ አይደለም የሚለው፣ "ጋሼ" እያለ ነው። አረሙ ያለበትን ዳር ዳሩን ይዞ ሙሉውን ሐይቅ ዞረ። ሚስቱ ተነስታ አጠገቤ መጥታ ቆመች፣ ሁለታችንም በዓይናችን ተከተልነው። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል፤ የአጥሩ ጫፍ ድረስ ገብቶ አይቷል።

"ዞሬአለሁ" አለኝ። "ማንም የለም። አሁን አውርጃቸው።"

አወረድኳቸው።

ጫማዎቹ ከዚህ ጋር ተልከውልሻል። ሳጥን ገዝቼላቸዋለሁ። ካልሲዎቹ እሱ እንደጠቀለላቸው ናቸው፣ አልፈታኋቸውም፣ አላጠብኳቸውም። ጭቃ የላቸውም። ያንን የሐይቅ ጭቃ ታውቂዋለሽ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ እሱ ግን አላስነካቸውም። የካቲት 12 የጻፍኩትን ኮሚቴው ፋይል ውስጥ አስገብቶታል፤ ጸሐፊዋን ለምኜ በእጄ ገልብጬልሻለሁ፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም፣ የመጨረሻዋንም መስመር። ሳጥኑ ውስጥ ነው።

አትጻፊልኝ ካልሽ አልጽፍም። ከጻፍሽልኝ ግን እመልሳለሁ፣ የጠየቅሽኝንም እመልሳለሁ። የምለምንሽ ነገር የለኝም።

አሁን ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ብዙ ሰዓት አለ፣ ዛሬ አልሮጥም።

እትዬሽ